ምዕራፍ አራት፦ ቁርበቱን አንጥፉለት

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ይህን ተረት የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ማንነቱን ሸሽጎ የሚኮፈስን ሰው ለመንካት ነው፤ ነክተን እናልፋለን። እኔ ግን እንደ አንድ አጭር ቴአትር ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ። ጅቡ መጥቷል፤ ደጅ ላይ ቆሟል፤ እንግዳ ነኝ ብሏል። የቤቱ ሰዎች ምን ያድርጉ? «አንተማ ጅብ ነህ» ቢሉት የለበሰውን ጨዋነት ጥሎ ይዘላል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፣ ጋጥ ውስጥ በግ አለ። ዝም ቢሉት ገብቶ ይተኛል፤ ሌሊቱ ደግሞ ረጅም ነው። የቀረው መንገድ የጠየቀውን መስጠት ነው፤ ቁርበቱን ማንጠፍ። ጅብ ቁርበት ላይ ተቀምጦ እስከ ስንት ሰዓት ይታገሣል? እንደ ጨዋ ሰው የጠየቀው ምንጣፍ ራቱ ነው። ማኘክ የጀመረ ጊዜ ማንም ስሙን መጥራት አያስፈልገውም።

በድራማ ውስጥ አደገኛ ሰርጎ ገብን በአንደበታቸው የሚጥሉ ገጸ ባሕርያት፣ ብልሆቹን ማለቴ ነው፣ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ነገር አዋቂ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ተሳዳቢው፣ መልስ የማያልቅበቱ ነው። እሱ ጠላ ቤት ያሸንፋል እንጂ ጎራዴ የታጠቀ ሰው ፊት አይበረክትም። ጎራዴ የታጠቀ ሰው ፊት የሚበረክተው የሌላውን ውሸት ተቀብሎ እስከ መጨረሻው እንዲለብሰው የሚያደርግ ነው።

ይህን ነገር የተማርኩት ቴአትር ቤት ገብቼ አይደለም፤ ጫጫ፣ ምድጃ ዳር ነው። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር የምትገኝ፣ የደሴ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ የሚያልፏት የአንጎለላና ጠራ ከተማ ናት። ብርዷን ላላየ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ አክስቴ ዘንድ እላክ ነበር። ማታ ማታ ኩበቱ ይጤሳል፣ ዓይናችን ያነባል፣ ባናውን እስከ አገጫችን ስበን የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። አክስቴ እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኛ «የላም በረት» እንላለን። ከሁሉም ያልረሳኋት ይቺን ናት።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ቤቷ ከመንደሩ ገለል ያለ ነው፤ ግን የጮኸ ሰው ይሰማል። (ይህቺን ነገር አክስቴ አንድም ቀን ሳይናገሩ አልፈው አያውቁም፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።) አንድ ማታ በርኖስ የደረበ ሰው ደጅ ላይ ቆመ።

«ቤቶች! የመሸበት መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ።»

«ቤት ለእንግዳ» አለችው። ምን ትበል? የእግዜር እንግዳ ይመለሳል?

ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እግሩን ልታጥበው ጎንበስ ስትል በበርኖሱ ሥር የጎራዴ አፎት አየች። ዓይኑን ተከተለችው። እንደ ራበው ሰው ወደ ምድጃው አላየም፤ ጎታውን፣ ሣጥኑን፣ በጎቹ የታሰሩበትን ጋጥ ነው የሚቆጥረው። ቆጥሮ ሲጨርስ፣

«ለመሆኑ ብቻዎን ነዎት እናቴ?» አላት።

«ኧረ እኔ ልጄ የወንዶች እናት ነኝ! አራት ናቸው።»

«የታሉ ታዲያ?»

«ጎረቤት እሳት ዳር ይጫወታሉ። መቼ ቤት ይቀመጣሉ ብለህ!»

ሰውየው ሳቀ። ውሸቷን እንደሆነ ገብቶታል፤ ማሸነፉ አልበቃው ብሎ ሊያሳፍራት ፈለገ። «እስቲ ይጥሯቸው፤ እኔም ልያቸው፣ ሰላም ልበላቸው» አላት።

«ካልክስ እሺ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ከደጅ ቆመች።

«ድረስ! ኧረ ድረስ! ያዘው! በለው! ከበበው!»

ሰውየው መደቡ ላይ ተደላድሎ የሌሉ ልጆች ሲጠሩ እየሰማ ይስቃል። ሳቁን ሳይጨርስ ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ዱላውን ይዞ ደጁን ሞላው።

አራቱም በየሰፈራችን የምናውቃቸው የወንድ ስሞች ናቸው። አራቱም የድረሱልኝ ጩኸት ናቸው። መደቡ ላይ ለተቀመጠው ስም ሆነው ገቡ፤ አጥሩን ተሻግረው ለጎረቤት ሲደርሱ ትእዛዝ ሆኑ። የቅኔ መምህራን በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገርን ኅብር ይሉታል፤ ሰሙና ወርቁ ከአንድ አፍ ይወጣሉ፣ የሚፈታቸውም አንድ ሰሚ ነው። እዚህ ግን ሰሙ ለአንዱ፣ ወርቁ ለሌላው በአንድ ጊዜ ተከፋፈለ። ሰም የደረሰው ሰው ወርቅ መኖሩን እንኳ አልጠረጠረም።

ወረቀት ላይ ብታነቡት ይህ ሁሉ አይታይም። «ያዘው» ስምም ሆነ ጩኸት ፊደሉ ያው ነው። ስለዚህ ተረቲቱ የመጽሐፍ ሳትሆን የመድረክ ናት፤ የድምፅ ናት። እኔ አዘጋጅ ብሆን ተዋናይቷን አንድ ነገር ብቻ አደራ እላት ነበር፦ ተመልካቹን በዓይንሽ አትጥቀሺ። የመጀመሪያው «ድረስ» የደከማት እናት፣ ልጁ ቶሎ የማይሰማት እናት ጥሪ መሆን አለበት። ጩኸት ከሆነ ሰውየው ይነሣል። «ኧረ ድረስ» ላይ ድምፁ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ይህም ልጁ እንቢ ያላት እናት ድምፅ ነው፣ ገና አያስጠረጥርም። «ከበበው» ላይ ሲደረስ ግን ከእናትነቱ የቀረ የለም፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ተመልካቹ በሁለተኛው ስም ላይ ገብቶት መቀመጫው ላይ መቁነጥነጥ ይጀምራል። አዳራሹ ሁሉ ያወቀውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ይስቃል። የመድረክ ምፀት የምንለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ስቆ የሚያበቃውን ሰው ሲስቅ ማየት ነው።

እና ጥሪ ያላት ማን ነው? እሷ አይደለችም። ልጥራ ብትለው ይከለክላት ነበር። ጅቡ ራሱ ነው ቁርበቱን የጠየቀው።

በሌላ አገር የዚህች ተረት መስታወት የሆነ ታሪክ አለ። ግሪካዊው ዩሪፒደስ «ሳይክሎፕስ» የሚል ተውኔት ጽፏል፤ ግሪኮች ከመከራ ተውኔት በኋላ ለማሳቅ ያቀርቡት ከነበረው ዘር ሙሉ ሆኖ ለእኛ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ታሪኩ ከሆሜር የመጣ ነው፦ ኦዲሲየስ ሰው በሚበላ ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ዋሻ ውስጥ ከጓዶቹ ጋር ተዘጋበት። ስምህ ማነው ሲባል «ማንም» አለ። ዓይኑ የጠፋበት ግዙፍ እሪ ብሎ ማነው የጎዳህ ሲባል፣ የጎዳኝ ማንም ነው ብሎ መልሶ የሰው መሳቂያ ሆነ። በሆሜር እንዲያውም ሊረዱት የመጡት ጎረቤቶቹ ይህንኑ ሰምተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ስም ጎረቤት አባረረ፤ የጫጫዋ ስም ጎረቤት ጠራ። የግሪኩ ብልህ ብቻውን ብልህ ነው፤ ሴትዮዋ ብልሃቷ የሚሠራው ደጅ ሲወጡ የሚሰማ ሰው ስላለ ነው። ለዚህ ነው አክስቴ «ግን የጮኸ ሰው ይሰማል» የምትለዋን ሐረግ የማይዘሏት። ደግሞ ኦዲሲየስ ከመርከቡ ላይ ሆኖ በድል ስካር እውነተኛ ስሙን ጮኸና እርግማን ተከተለው። ወርቁን ለሰም በላዩ መንገር ምን ጥቅም አለው?

በመድረክ ላይ ሰርጎ ገብ ከተባለ ግን የሁሉም አለቃ የሞሊየር ታርቱፍ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ታርቱፍ ጎራዴ የለውም፤ መሣሪያው ጾምና ጸሎት ነው። ኦርጎን የሚባል ባለጸጋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲንበረከክ አይቶት አዝኖለት ወደ ቤቱ አስገባው። ሰነባብቶ የቤቱ ጌታ ታርቱፍ ሆነ፦ የኦርጎን ሴት ልጅ ለእሱ ልትዳር ነው፣ ወንድ ልጁ በእሱ ምክንያት ከቤት ተባሯል፣ ቤቱ ራሱ በውል ተላልፎለታል። ሁሉም «አስመሳይ ነው» ይላሉ፤ በጮኹ ቁጥር ኦርጎን ይብስ ይወደዋል። እውነቱን መናገር ጅቡን አደለበው።

የኦርጎን ሚስት ኤልሚር ግን አትጮኽም። ባሏን ጠረጴዛ ሥር አስገብታ የጠረጴዛውን ልብስ ታለብስበትና ታርቱፍን ታስጠራለች፤ ወድጄሃለሁ የምትል ትመስላለች። ቁርበት ማንጠፍ ይሏል ይህ ነው። ታርቱፍ ይጠጋል። ይጠጋል። ኤልሚር ትስላለች፤ ጠረጴዛ ሥር ላለው ሰው ነው፣ በቃህ ውጣ ማለቷ ነው። ባልየው አይወጣም። ታርቱፍ አዝኖላት ለጉሮሮዋ የሚሆን ጣፋጭ ከኪሱ ያወጣል! እሷም ይህ ሳል በጣፋጭ የሚለቅ አይደለም ትለዋለች፤ ለአንዱ ስለ ጉንፋን፣ ለሌላው ስለ ሞኝነቱ። ከዚያ ባሌ እንዳይኖር ኮሪደሩን እይልኝ ትለዋለች፣ ታርቱፍም ስለ እሱ አትጨነቂ፣ እንደፈለግን የምንጎትተው ሰው ነው ይላል። ኦርጎንን ጠረጴዛ ሥር ያነደደው የሚስቱ ነገር ሳይሆን ይህቺ ንግግር ትመስለኛለች፤ ሞሊየር ወንዶችን ያውቃቸዋል። ታርቱፍ ኮሪደሩን ፈትሾ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት ሲመጣ ኤልሚር ፈቀቅ ትላለች፤ ኦርጎን ከፊቱ ቆሟል።

እዚህ ላይ ተውኔቱ ቢያልቅ ደስ ባለን። አያልቅም። ውጣ ሲባል ታርቱፍ አንተ ውጣ ቤቱ የእኔ ነው ይላል፤ ውሉ በእጁ ነው። ብልሃት ጭምብሉን አወለቀ እንጂ ወረቀቱን አልቀደደም። ቤተሰቡን በመጨረሻ የሚያድነው የንጉሡ ሹም ነው። ይህ አጨራረስ ተለጣፊ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ሐቀኛ ሆኖ ይታየኛል። ኤልሚር ቤቷ ከመንደሩ ገለል ያለ ነበር፤ ጎረቤት አልነበራትም። ሞሊየር ራሱም ይህን አይቶታል፦ ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1664 ቨርሳይ ታይቶ ወዲያው ታገደ፤ በአደባባይ ያለ ከልካይ የታየው በ1669 ነው።

መታገድ ከተነሣ ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. ሰያ ደብር ነው። ልጅ ሳሉ ራስ መኮንንን ተከትለው ዓድዋ ዘመቱ፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፤ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩትም እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ቴአትር ተብለው ተጋብዘው ሲሄዱ ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ሆነባቸው። እንዲህስ አይደለም ብለው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በተራስ ሆቴል ታየ። መነሻቸው የላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ነበሩ።

ላ ፎንቴን ዘንድ አንድ አውራ ዶሮ አለ፤ የሴትዮዋ ወንድም ነው ብል አላፍርም። ዛፍ ላይ ሆኖ ሳለ ቀበሮ ከሥር መጥታ ምሥራች አለችው፦ በእንስሳት ሁሉ መካከል ሰላም ወርዷል፣ ና ውረድና ልሳምህ። ዶሮው ዋሽተሻል አላለም። እንዴት ደስ ይላል፣ አለ፤ እንዲያውም ሁለት ውሾች በሩጫ ሲመጡ ይታዩኛል፣ ይህንኑ ምሥራች ይዘው መሆን አለበት፣ ጠብቂና አብረን እንሳሳም። ቀበሮዋ መንገድ አለብኝ ብላ ሄደች። ውሾቹ ይኑሩ አይኑሩ ማን ያውቃል? ሰላሙ እውነት ከሆነ ውሾቹ አያስፈሯትም፤ ከፈሯት ሰላሙ ውሸት ነው። በየትም በኩል ብትሄድ የራሷ ቃል ይጠብቃታል።

ተክለ ሐዋርያት አውሬ ያናገሩት ሰው ለማናገር ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ጉቦና ስንፍና። ችግሩ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች በሰምና ወርቅ ያደጉ መሆናቸው ነው። ሌላ አገር ተመልካች ተረት መስሎት ስቆ ሊሄድ የሚችለውን እነሱ ገና መጋረጃው ሳይዘጋ ፈቱት። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ተከለከለ፤ ከዚያም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስኪነግሡ ድረስ ቴአትር የሚባል ነገር ተዳፈነ። የሴትዮዋ ብልሃት የሠራው ሌባው ቅኔ ስላልገባው ነው። ጅቡ የቤቱ ሰው ከሆነ፣ ቅኔም አብሮ ከተማረ፣ ቁርበቱ ለምን እንደተነጠፈ ቀድሞ ያውቃል።

ባዕዱ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። የጣልያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ቦምብ ከተወረወረበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ካሳደዳቸው መካከል አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን አሉበት። የጣልያን አገዛዝ አይሰነብትም የሚል ወሬ ይነዛሉ ብሎ አስያዛቸው፤ በመጋቢት ወር 70 ያህሉ መገደላቸውን ለሮም አስታወቀ። የሚያንጎራጉረው ሰው ምን እንዳለ አልገባውም፤ የከበቡት ሰዎች ሲስቁ ግን አየ። ማሲንቆ ለያዘ ሰው ጥይት ማባከን ከጀመረ ጦር በላይ የሚፈራ የለም። ሌባው መደቡ ላይ ሆኖ ከደጅ ያለውን ጥሪ ሲሰማ ተጠራጥሮ ቢነሣ ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? ይህንን ነበር የሚያደርገው።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ገበሬዎች ጋር ተቀምጦ ያጠናውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያሳትም ስሙን «ሰምና ወርቅ» ማለቱ በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለው አነጋገር ለጨዋታ፣ ሳይጋጩ ለመሳደብ፣ ሹም ለመንቀፍ፣ የራስን ጓዳ ከሰው ዓይን ለመከለል እንደሚያገለግል አሳይቷል። የመጨረሻዋ ናት ለዚህ ምዕራፍ የምትሆነው። እንግዳ ማስገባት ግዴታ በሆነበት አገር፣ በሩ ሊቆለፍ በማይችልበት ቤት፣ ቁልፉ ቋንቋው ላይ ይገባል። እንግዳው ሳሎን ድረስ ይመጣል፤ ጓዳ ድረስ ግን አይዘልቅም።

ከጫጫ ጥቂት ራቅ ብላ ያለችው አንጎለላ ይህን በመንግሥት ደረጃ አይታዋለች። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ኤደንን ያዙ። በ1841 ሻምበል ሃሪስ መልእክተኞቻቸውን እየመራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፣ ጠመንጃውንና ስጦታውን ተቀበሉት፣ ኅዳር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውሉንም ፈረሙለት። የጠየቀው ሁሉ ተነጠፈለት። መልእክተኞቹ በ1843 ሲሄዱ በሻንጣቸው የያዙት ወረቀት ነበር፤ ጠመንጃው ሸዋ ቀረ። በተከታዩ ዓመት እዚያው አንጎለላ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ተወለደ፤ በውል ቃል ውስጥ የተደበቀ ሰርጎ ገብ እሱንም ይጠብቀው ነበር፣ ያ ግን የውጫሌ ነገር ነው፤ ምዕራፍ ሰባት ላይ እመለስበታለሁ።

አክስቴ ተረቲቱን ለመጨረሻ ጊዜ የነገሩን ማታ ዝናብ ነበር። ባላቸው ደብረ ብርሃን ሄደው መንገድ ይዟቸው አድረዋል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እሳቸው፣ እኔና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ነን። ቆሎው አልቆ ልንተኛ ስንል ውሻው ጮኸ፣ ከዚያም ድምፅ መጣ። «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ።»

አክስቴ ኩራዙን አነሡ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። «ቤት ለእንግዳ፣ ይግቡ» አሉ በሩን እየከፈቱ። እርጥብ ጋቢ የለበሰ፣ ፊቱ በጥምጥም የተሸፈነ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። መደቡን ጠረጉለት፣ ቁርበቱን ዘረጉለት። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው፣ በደከማት እናት ድምፅ፣

«ድረስ!» ሲሉ ተጣሩ። «ኧረ ተነሣ፣ ለእንግዳው ውሃ አምጣ።»

እኔና የአክስቴ ልጆች ተያየን። በዚያ ቤት ድረስ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም።